የጎጃም ሙቀትና የመብራት ቆጣሪ፦ ቤት ለማቀዝቀዝ የቱ ያዋጣል?

ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ባሕር ዳር፣ መራዊ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ በቀትር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቀመጥ ይከብዳል። ሙቀቱ ሲጠና ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነው። ቬንትሌተር ይገዛል፤ አልበቃ ሲለው ኤር ኩለር (ውሃ በማትነን አየር የሚያበርድ ዕቃ) ይጨምራል፤ አቅም ያለው ኤሲ ያስገጥማል። ጣሪያው ግን እንደነበረ ነው። ቀኑን ሙሉ ሙቀት ወደ ታች ያወርዳል፣ ዕቃውም ያንን ሙቀት ሲያሳድድ ቆጣሪው ይቆጥራል። ለአብዛኛው የጎጃም ቤት የሚያዋጣው ተራ መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ ጥላና የሌሊት አየር፣ ከዚያ ቬንትሌተር ነው። ኤር ኩለር ለደረቁ ወራት ብቻ ይሆናል። ኤሲ የሚታሰበው ይህ ሁሉ ተሠርቶ ካልበቃ ነው።

ጣሪያ ለምን ይቀድማል?

የጎጃምን ሙቀት ከሌላው አገር ሙቀት የሚለየው አንዱ ነገር ሌሊቱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ግድም ላይ ናት። በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ቢደርስም ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት ያለ ክፍያ የሚገኝ ቅዝቃዜ ነው። እንደ ጅቡቲ ባሉ የባሕር ጠረፍ ከተሞች ሌሊቱም ስለሚሞቅ ያለ ኤሲ ማደር ይከብዳል። እኛ ዘንድ ግን መስኮት መክፈት ይበቃል።

ሌላው የፀሐይ መንገድ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ግድም ፀሐይ በቀትር ልክ አናት ላይ ትሆናለች። በዚያ ወቅት የደቡቡም የሰሜኑም ግድግዳ ብዙ ፀሐይ አያገኝም። ሸክሙን የሚቀበለው ጣሪያው ነው፤ ጠዋት የምሥራቁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምዕራቡ ግድግዳ ይከተላል። ስለዚህ አንድ ብር ቢኖርዎት ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ላይ ያውሉት።

ይህ ምክር ለወይና ደጋው ነው። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ ለማቀዝቀዣ ዕቃ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ኮርኒስ ካለ በቂ ነው። ቆላው ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው፣ ኋላ እንመጣበታለን።

ነጭ ቀለም፣ ኮርኒስ፣ አንጸባራቂ ፎይል ወይስ ሳር?

ያረጀ ወይም የዛገ ቆርቆሮ በጠራ ቀትር ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል። ከሥሩ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ሙቀት የአየሩ ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮው ራሱ እንደ ጋለ ምጣድ ወደ ታች ሙቀት ይረጫል። አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮም አያድንም። ብርሃኑን ቢመልስም የተቀበለውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ የመልቀቅ ችሎታው ደካማ ስለሆነ እሱም ይግላል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይሠራል፦ ፀሐይን ይመልሳል፣ ሙቀትንም ይለቃል። በደንብ የተቀባ ነጭ ቆርቆሮ በዚያው ቀትር 40 ዲግሪ ግድም ላይ ይቆያል። ከወጪው አንጻር ሲታይ ለባሕር ዳርና ለፍኖተ ሰላም ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም።

ቀለሙ ግን በአግባቡ ካልተቀባ በአንድ ክረምት ይላጣል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ሲንተቲክ የሚባለው ዘይት ቀለም በቀጥታ ሲቀባ ዘይቱ ከዚንኩ ጋር ይዋሃድና ከሥር ሳሙና መሰል ነገር ይፈጠራል፤ ቀለሙም እንደ ቅርፊት ይነሳል። የቤት ውስጥ ፕላስቲክ ቀለምም ለቆርቆሮ አይሆንም፤ ፀሐይና ዝናብ አይችልም። ለአዲስ ቆርቆሮ ትክክለኛው በውሃ የሚቀጥን፣ ለብረት የተሠራ አክሪሊክ ፕራይመር ነው፤ በላዩ የውጭ ነጭ አክሪሊክ ቀለም ይከተላል። ከዚያ በፊት ቆርቆሮውን በፈሳሽ ሳሙና አጥበው፣ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጠው ያሹት፣ በንጹህ ውሃም ያለቅልቁት። ፋብሪካው የሚቀባው ስስ ቅባት የሚለቀው በዚህ ነው። የዛገ ቆርቆሮ ከሆነ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አራግፈው አንቲረስት አንድ እጅ ይቀቡ፣ ሲደርቅ ነጩን ሁለት እጅ ይጨምሩ።

መጠኑን ለማስላት 40 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣሪያ የቆርቆሮው እጥፋትና ዝንባሌው ሲጨመር 50 ካሬ ሜትር ግድም ገጽ ይኖረዋል። 1 ሊትር ለአንድ እጅ 8 ካሬ ሜትር ቢይዝ ለሁለት እጅ 12 ሊትር ተኩል ያስፈልጋል። ከዚህ በጣም ባነሰ ቀለም ጨረስኩ የሚል ቀቢ ቀለሙን ከልክ በላይ አቅጥኖታል ማለት ነው። ሥራው ጥር ወይም የካቲት ላይ፣ ጠል ከደረቀ በኋላ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይሠራ። ቀትር ላይ የጋለ ቆርቆሮ ሲቀባ ቀለሙ ሳይጣበቅ ላዩ ይደርቅና ይፊኛል። ጣሪያ ላይ ሲወጡ በሚስማሩ መስመር ብቻ ይርገጡ፤ ከሥሩ ሞራሌ ያለው እዚያ ነው። ከጣሪያው የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ ከሆነ ሊድ የሌለበት ቀለም መሆኑን የቀለሙ ጣሳ ላይ ካለው ጽሑፍ ያረጋግጡ፣ የመጀመሪያውን ዝናብም ይድፉት።

ቀለም ለመቆጠብ ኖራ የሚበጠብጡ አሉ። ሁለት ነገር ይወቁ። ለአሲዳማ መሬት ተብሎ ለገበሬ የሚታደለው የእርሻ ኖራ ተፈጭቶ የተነፋ ድንጋይ እንጂ የተቃጠለ ኖራ አይደለም። አይጠነክርም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል። የተቃጠለው ኖራ ይያዛል፣ ግን እርጥብ ሳለ ዚንክን ይበላል። ስለዚህ ኖራ ለጭቃና ለድንጋይ ግድግዳ ይሁን፤ በተለይ ለምዕራቡ ግድግዳ እጅግ ጥሩ ነው። ለቆርቆሮ ግን አንመክረውም።

ኮርኒስ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ቆርቆሮው ቢግልም ጨረሩ ሰው ላይ እንዳይደርስ መሐል ይገባል። ቺፕውድ፣ አቡጀዴ፣ የማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል። የሚበላሸው ከኮርኒሱ በላይ ያለው አየር ሲታፈን ነው። አናጢዎች የጣሪያውን ሦስት ማዕዘን ጫፍ በሁለቱም ወገን ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል። ሙቀቱ እዚያ ይጠራቀምና ማታ 3 ሰዓት ድረስ ወደ ታች ይወርዳል። ለ40 ካሬ ሜትር ቤት በሁለቱ ጫፍ ቢያንስ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ትይዩ ለትይዩ ይተው፤ አይጥ፣ ወፍና የሌሊት ወፍ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ከኮርኒሱ በላይ ደረቅ ጭድ መነስነስ ሙቀት ይከለክላል፤ ነገር ግን የመብራት ሽቦ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ አንድ የላላ መጋጠሚያ ቤቱን ሊያቃጥል ስለሚችል ባይሞከር ይሻላል።

ኮርኒስ ሊሠሩ ከሆነ አንጸባራቂ ፎይል መጨመር ትንሽ ወጪ ነው። የሚያብረቀርቀው ገጽ ወደ ታች ይዙር፣ በፎይሉና በኮርኒሱ መካከል ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ባዶ አየር ይኑር። ወደ ላይ ከዞረ በአንድ ዓመት አቧራ ይለብስና ጥቅሙ ይጠፋል። ከቆርቆሮው ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ሙቀቱን በንክኪ ስለሚቀበል ግማሽ ሥራ ይሆናል። ፎይል መብራት ያስተላልፋል፤ ከሽቦ መጋጠሚያ ይራቅ።

ሳር ክዳን ከሁሉም ይበርዳል፣ በዚህ ክርክር የለም። ግን እሳት ይፈራል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ ከተማ ውስጥም ቦታ የለውም። ገጠር ላይ ያለውን ጎጆ አፍርሶ ቆርቆሮ የሚያለብስ ሰው ቢያንስ ኮርኒስና ነጭ ቀለም በዕቅዱ ውስጥ ያስገባ፤ አለዚያ ከብርድ ቤት ወደ ምድጃ ይገባል።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ መሥራት ከቻሉ ወይና ደጋ ላይ ነጭ ቀለም፣ ደጋ ላይ ኮርኒስ ይምረጡ። ደብረ ማርቆስ ላይ ነጭ ጣሪያ የሐምሌን ብርድ ያብሳል፤ ኮርኒስ ግን ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ይይዛል።

መስኮት፣ ጥላና የሌሊት አየር

መጋረጃ ከውስጥ ከተሰቀለ ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ገብታለች፤ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ነው። ያው መጋረጃ ከውጭ ቢሆን አብዛኛው ሙቀት ሳይገባ ይቀራል። ለዚህ ከአዊ ቀርከሃ የሚሻል የለም። ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣውን ቀርከሃ ሰንጥቀው በሲባጎ ያያያዙት መጋረጃ ከምዕራቡ መስኮት ውጭ፣ ከመስታወቱ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር አርቀው ይስቀሉት። ክፍተቱ የሚያስፈልገው በመካከል የሞቀው አየር ወደ ላይ እንዲወጣ ነው። የላሜራ መስኮትና በር ያላቸው ቤቶች ደግሞ ከሰዓት በኋላ እጅ የማያስቀምጥ ብረት ይዘው ነው የሚውሉት። ጥቁር ቡኒውን ከውጭ በኩል ነጭ ወይም ክሬም መቀባት ብቻ ልዩነቱ ይታወቃል።

ተከራይ ከሆኑና ጣሪያውን መንካት ካልቻሉ ከዚህ ይጀምሩ፤ ቀርከሃውን ሲወጡ ይዘውት ይሄዳሉ።

ዛፍ ለመትከል ያሰበ ሰው ባሕር ዛፉን ይተወው። ጥላው ስስ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ በነፋስም ጣሪያ ላይ ይወድቃል። ማንጎ ዓመቱን ሙሉ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ አለው፤ ዋንዛም መልካም ነው። በስተምዕራብ ከግድግዳው 4 ወይም 5 ሜትር ርቆ ይተከል።

የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለመጠቀም ሥርዓቱ ቀላል ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ውጭው ከውስጥ ሲበርድ፣ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ ትይዩ መስኮቶች ይከፈቱ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይዘጉ፣ መጋረጃውም ይውረድ። ጭቃና ድንጋይ ቤት ይህን በደንብ ይጠቀማል፤ ወፍራሙ ግድግዳ የሌሊቱን ብርድ ይዞ እስከ ከሰዓት ይቆያል። ባለ ቀዳዳው ብሎኬት ያን ያህል አይዝም፣ ግን ይረዳዋል። ቀትር ላይ «አየር ይግባ» ብሎ ሁሉን መክፈት 30 ዲግሪ አየር ወደ 25 ዲግሪ ቤት መጋበዝ ነው።

ወባ ግን አለ። የጣና ዳርና አብዛኛው ከ2000 ሜትር በታች ያለው አገር የወባ ምድር ነው፤ መስኮት ያለ ወንፊት ሌሊት መክፈት አይገባም። ወንፊት የአየሩን ፍሰት ስለሚቀንስ በመስኮቱ አንድ ጥግ ሳይሆን በሙሉው ስፋት ይወጠር። አቧራ ሲደፍነው በብሩሽና በሳሙና ውሃ ይታጠብ። አጎበርም ከወንፊቱ ጋር ይኑር እንጂ ወንፊት አለ ተብሎ አይቅር።

ቤት ውስጥ የሚመረተው ሙቀት

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ባለ 12,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የኤሲ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤሲ ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ከክፍሉ የሚያስወጣው ሙቀት 3.5 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ አንድ ምጣድ ሳሎን አጠገብ ከተጣደ አንድ ሙሉ ኤሲ ሥራው ምጣዱን ማሳደድ ብቻ ይሆናል። እንጀራ ማለዳ፣ ቢቻል ከ2 ሰዓት በፊት፣ ከዋናው ቤት በተለየ ማድ ቤት ይጋገር። አሥር አሥር እንጀራ በየሁለት ቀኑ ከመጋገር በአንድ ሙቀት ደህና አድርጎ መጋገር መብራቱንም ይቆጥባል፤ ምጣዱ ለመጋል የሚወስደው ኃይል አንዴ ብቻ ይከፈላልና።

ቡናም እንዲሁ። ቀን ቤቱ ተዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሙቀት ብቻ ሳይሆን ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝም ያጠራቅማል። ምድጃው በረንዳ ላይ ይውጣ። ፍሪጅ ከኋላው 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው። የበሩን ጎማ ለመፈተሽ ወረቀት አጣብቀው ይሳቡ፤ ያለ ምንም መቋቋም ከወጣ ጎማው አልቋል። ለመጠጥ ውሃ ብቻ ፍሪጅ ማስሮጥ አያስፈልግም። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ የተቀመጠ እንስራ ላቡ እየተነነ ውሃውን ያበርዳል፤ ላብ ማውጣት ካቆመ ቀዳዳዎቹ ስለተደፈኑ ውጪውን በሻካራ ነገር ይሹት።

ቬንትሌተር፦ ቋሚ፣ የጣሪያ ወይስ አዲሱ ቆጣቢ?

መጀመሪያ ቁጥሩ ይታይ። በቀን 8 ሰዓት ለ30 ቀን ቢሠሩ፦

የጠረጴዛ ወይም ቋሚ ቬንትሌተር፣ 55 ዋት፦ 13 ኪሎዋት ሰዓት
የተለመደው የጣሪያ ቬንትሌተር፣ 75 ዋት፦ 18 ኪሎዋት ሰዓት
ቢኤልዲሲ የሚባለው ቆጣቢ ሞተር ያለው የጣሪያ ቬንትሌተር፣ 30 ዋት፦ 7 ኪሎዋት ሰዓት
ኤር ኩለር፣ 150 ዋት፦ 36 ኪሎዋት ሰዓት
ኢንቨርተር ኤሲ (ሞተሩ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ የሚቀያይር)፣ በአማካይ 600 ዋት፦ 144 ኪሎዋት ሰዓት
ተራ ኤሲ፣ 1100 ዋት፣ ሞተሩ ከጊዜው 70 በመቶውን ቢሠራ፦ 185 ኪሎዋት ሰዓት

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ስለሆነ ፍጆታው ወደ ላይ ሲወጣ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ስለዚህ በቬንትሌተርና በኤሲ መካከል ያለው የክፍያ ልዩነት ከላይ ካለው የቁጥር ልዩነት ይሰፋል።

ቬንትሌተር አየሩን አያበርድም፤ ላብን በማትነን ሰውነትን ነው የሚያበርደው። ቀለል ያለ ነፋስ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ የቀነሰ ያህል ይሰማል። ሰው በሌለበት ክፍል የሚዞር ቬንትሌተር ግን ቆጣሪ ከማስቆጠር በቀር ጥቅም የለውም። አንድ ሰው የሚተኛበት ወይም የሚሠራበት ክፍል ከሆነ ቋሚው ይበቃል፤ ከክፍል ክፍል ይሄዳል፣ ምሽት ላይ ደግሞ መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው አንድ ሰዓት ቢያሠሩት የቀኑን ሙቀት ገፍቶ ያስወጣል። አጎበር ካለ ከጎን አንድ ሜትር አቅርበው ይትከሉት፤ ከላይ የሚመጣ ነፋስ የአጎበሩ ጣሪያ ያስቀረዋል።

ብዙ ሰው የሚቀመጥበት ሳሎን፣ ምግብ ቤት ወይም የመማሪያ ክፍል ከሆነ የጣሪያው ይሻላል። ክንፉ ከወለሉ ከ2.1 ሜትር በላይ፣ ከኮርኒሱ ደግሞ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች የራቀ ይሁን። ኮርኒስ ላይ በጣም ከተጠጋ የሚስበው አየር ያጣል። መንጠቆው በፍጹም ቺፕውዱ ላይ አይታሰር። ዕቃው ጥቂት ኪሎ ቢሆንም ንዝረቱ ሚስማር ያላላል፤ ሞራሌው ላይ ወይም ለዚሁ በተጨመረ ብረት ላይ ይታሰር። ዝቅ ባለ ቆርቆሮ ቤት፣ ኮርኒስ በሌለበት፣ የጣሪያ ቬንትሌተር የቆርቆሮውን ትኩስ አየር ወደ ራስዎ ያወርዳል፤ እዚያ ቋሚውን ይምረጡ።

ቢኤልዲሲው ሲገዛ ውድ ነው። ቀን ከሌት ለሚሠራበት ቤት ያዋጣል፤ በዓመት ሦስት ወር፣ ያውም ማታ ማታ ለሚያስነሳው ግን ልዩነቱ በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነውና ቶሎ አይመለስም። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ብዙዎቹ መብራት ሲደክምም ፍጥነታቸውን ይጠብቃሉ፣ በባትሪና የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚለውጥ ትንሽ ኢንቨርተርም ረጅም ሰዓት ይሠራሉ።

ሱቅ ውስጥ ሰክተው ለ5 ደቂቃ በከፍተኛው ፍጥነት ያሠሩት። ንዝረትና ማንሿሿት ካለው ይተዉት። ቤት ከገባ በኋላ እያጓራ ቀስ ብሎ የሚዞር ወይም በእጅ ካልተገፋ የማይነሳ ቬንትሌተር ብዙ ጊዜ ሞተሩ አልተቃጠለም፤ የደከመው ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነው። የሚተካው ላዩ ላይ በተጻፈው ማይክሮፋራድ ልክ፣ ቮልቱም ከነበረው ያላነሰ መሆን አለበት። ከመክፈት በፊት ይነቀል፤ የጣሪያው ከሆነ ብሬከሩ ይውረድ። ዘንጉ ከደረቀ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃዋል። የምግብ ዘይት ከአቧራ ጋር ተጣብቆ ስለሚደርቅ ጨርሶ ይቆልፈዋል።

ኤር ኩለር፦ ለመጋቢት አዎ፣ ለሐምሌ አይ

ኤር ኩለር እርጥብ ንጣፍ ውስጥ አየር እያሳለፈ ውሃ ያተናል፤ ውሃው ሲተን ሙቀት ይወስዳል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ድንቅ ነው። በ30 ዲግሪና በ30 በመቶ እርጥበት፣ ማለትም በተለመደ የመጋቢት ከሰዓት፣ ጥሩ መሣሪያ 21 ወይም 22 ዲግሪ አየር ያወጣል። ክረምት ላይ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን ያው መሣሪያ 2 ዲግሪ እንኳ በቅጡ አይቀንስም፤ ቤቱን ማርጠብ ነው የሚተርፈው። በጎጃም እውነተኛ ሙቀት ያለው በደረቁ ወራት ስለሆነ ምርጫው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ታጥቦ፣ ደርቆ ይቀመጥ።

ችግሩ ውሃ ነው። መካከለኛው በሰዓት 5 ሊትር ግድም ያተናል፤ በ8 ሰዓት 40 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያስቡ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መስኮት ዘግቶ ሲያሠራው ነው። እርጥብ አየር መውጫ ካጣ ክፍሉ በግማሽ ሰዓት ይጨናነቃል፣ ማቀዝቀዙም ይቆማል። ከመሣሪያው ተቃራኒ ያለ መስኮት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይከፈት፤ መሣሪያው ራሱ ሌላ መስኮት ወይም በር አጠገብ ሆኖ የውጭ አየር ይሳብ። ታንከሩ ውስጥ በረዶ መጨመርም ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። 1 ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 1 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው 7 እጥፍ ይበልጣል፤ በረዶውን የሠራው ፍሪጅ ደግሞ ሙቀቱን እዚያው ቤት ውስጥ ለቆታል። ውሃው በሳምንት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይደፋ፤ የወባ ትንኝ ባይሆን ሌላ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ንጣፉ ላይ ነጭ ድርቅ ሲጋገር አቼቶ በተበጠበጠ ውሃ ተዘፍዝፎ ይታጠብ።

«ሚኒ ኤሲ» እየተባለ በስልክ ቻርጀር የሚሠራው ትንሽ ሳጥን ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ ክፍል ያበርዳል ብለው አይግዙት። የቃጫ ጆንያ ነክረው ነፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ ቢሰቅሉ ከእሱ ይበልጣል። የላስቲኩ ማዳበሪያ ጆንያ ግን ውሃ ስለማይጠጣ አይሆንም።

ኤሲ መቼ ይገባል?

መድኃኒት ቤት፣ የኮምፒውተርና የላቦራቶሪ ክፍል፣ ሆቴል፣ ወይም ሙቀት ለማይችል ሕመምተኛ ክፍል ከሆነ ይገባል። ለተራ መኝታ ቤት ወይና ደጋ ላይ አያስፈልግም ብለን እናምናለን። ከገባ ግን በትክክል ይግባ። ኮርኒስ ያለውና ቀዳዳው የተደፈነ 15 ካሬ ሜትር ክፍል 9,000 ቢቲዩ ይበቃዋል፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ክፍል 18,000 ቢጨመርበትም አይጠግብም። ኢንቨርተሩን ይምረጡ፤ ሲነሳ ብዙ ኃይል አይጎትትም፣ ደካማ መስመርም ይችላል። ለ12,000 ቢቲዩ የራሱ 16 አምፔር ብሬከርና 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይዘርጋለት፤ ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር አይግባ።

ጣና በለስ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ቅርባችን ቢሆንም ቤታችን የሚደርሰው ኃይል የሚወሰነው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና ሽቦ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ያኔ ተራው ኤሲ መነሳት አቅቶት ሲያጓራ ሞተሩ ይቃጠላል። ስታቢላይዘሩ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ይሁን። ልኩ 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ይቀመጥና ቬንትሌተር ይታከልበት፤ በአንድ ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር 6 በመቶ ግድም ኃይል ይቆጠባል። የውጭው ሞተር ጥላ ያለበት የሰሜን ወይም የምሥራቅ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ማጣሪያው በበጋ አቧራ በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ።

ቆላ ላይ

ከደጀን ቁልቁል አባይ በረሃ፣ ወይም ፓዌ አካባቢ፣ ሌሊቱም በቅጡ አይበርድም። ነጭ ጣሪያና ጥላ እዚያም ይቀድማሉ። ወፍራም ግድግዳ ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ነፋስ የሚያሳልፍ ቀላል ቤት ለመኝታ ይሻላል። ቬንትሌተር የአየሩ ሙቀት 40 ዲግሪ እስኪደርስ ይረዳል፤ ከዚያ ካለፈ ትኩስ አየር እየነፋ ሰውነትን ያሞቃል። ያኔ ቆዳን በውሃ ማርጠብ፣ እርጥብ ነጠላ መልበስና ጥላ መፈለግ ይሻላል። የቀን ሥራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይሁን። ግራ የተጋባ፣ የሚቀባጥር፣ ሰውነቱ የጋለ ሰው ካዩ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስተኝተው ልብሱን ያላሉ፣ ውሃ እያፈሰሱበት ያራግቡት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይውሰዱት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት።

መብራት ለሌለበት ቤት

12 ቮልት የሚሠራ 20 ዋት ቬንትሌተር ለ8 ሰዓት 160 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ባለ 50 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በበጋ ቀን ይህን ያህል ያመርታል። ለማታ 30 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ይያዝ፤ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ከዚህ ያነሰ አይግዙ። የሊቲየሙ 20 አምፔር ሰዓት ይበቃል። ቀን ቀን ብቻ ለሚፈልግ ባትሪው ይቅርበት፣ የቮልት መቀነሻው ግን አይቅር። 12 ቮልት ተብሎ የሚሸጥ ሰሌዳ ጭነት ሳይኖርበት ከ21 ቮልት በላይ ያወጣል። ቬንትሌተሩ በቀጥታ ከተያያዘ በመጀመሪያው ጠራራ ቀን ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ቀጥታ ከሰሌዳ ለማሠራት ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ ይግባ፤ ባትሪ ካለ ደግሞ ሽቦው መጀመሪያ ከባትሪው ወደ ቻርጅ መቆጣጠሪያው፣ ቀጥሎ ከሰሌዳው፣ በመጨረሻ ወደ ቬንትሌተሩ ይታሰር። ሲፈታ ተራው ከኋላ ወደ ፊት ነው።